ጎርሶ ያልተፋው ሽጉጥ

የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ ያስረከብኩ ዕለት የተረከበኝ ባለሙያ፣ "ሳጅን ጥሩወርቅ፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ያቃተዎት መሣሪያ የለም ይባላል፤ እውነት ነው?" አለኝ። "አንድ አለ" አልኩት። ሰምቶት ኖሯል መሰለኝ ፈገግ አለ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ የፖሊስ መምሪያው ሰው ሁሉ ያንን ሽጉጥ ያውቀዋል። "ጥሩወርቅን ያሸነፋት ሽጉጥ" ይሉታል። ሲሉኝ እስቃለሁ። እንዳልተሸነፍኩ የሚያውቅ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም አሁን በሕይወት የለም።

አሁን ቤቴ ቁጭ ብዬ ጡረታዬን እየበላሁ ነው። ወረቀቱ አጉላላኝ፣ ገንዘቡ አነሰኝ የሚለውን ማንም ጡረተኛ ይነግራችኋል። እኔ የማወራችሁ ስለ መጉረስና ስለ መትፋት ነው። ሽጉጥ ማለት እሱ ነው። ከካዝናው ጥይት ይጎርሳል፣ ይተኩሳል፣ ባዶውን ቀለሃ ይተፋል፣ ደግሞ ሌላ ይጎርሳል። ለሚያየው አንድ እንቅስቃሴ ነው የሚመስለው። ሲታመም ግን ሁለት የተለያየ በሽታ ነው፤ አልጎርስም ያለ ሽጉጥና አልተፋም ያለ ሽጉጥ መድኃኒታቸው አንድ አይደለም። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ፣ ኋላ እፈልጋታለሁ።

የተወለድኩት አምበር አጠገብ ነው። ፖሊስ ስሆን የተመደብኩትም እዚያው አምበር ጣቢያ ነበር። ሴት ነሽ ብለው ፍተሻ ላይ አቆሙኝ፤ የገበያ ቀን የሴቶችን መቀነት መዳበስ ነው ሥራዬ። ሰልችቶኝ ነበር። አንድ ቀን የጣቢያው ሽጉጥ ጥይት ነክሶ ወንዶቹ ተራ በተራ ሲታገሉት አየሁና "ኧረ መጀመሪያ ካዝናውን አውጡት" አልኳቸው። አባቴ የሚሊሺያ መሣሪያውን ሲፈታ ሲገጥም እያየሁ ነው ያደግኩት። አዛዡ ነገረኛ ሰው ነበር፤ "እንግዲያው አንቺው ሄደሽ ተማሪና ጠግኚልን" ብሎ በነገር ወጋኝ። እኔም እልኸኛ ነኝ፣ ሄድኩ። ማርቆስ፣ መምሪያው ግምጃ ቤት፣ ጋሽ ዳምጤ ዘንድ።

ጋሽ ዳምጤ የመምሪያው መሣሪያ ጠጋኝ ነው፤ ረጅም፣ ኮስታራ፣ ንግግሩ የተቆጠበ ሰው። ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ የታጠበ ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል። ከጨርቁ ዳር የዶሮ ላባ፣ የተሳለ የቀርከሃ ስንጣሪና ትንሽ ዘይት አለ። ብረትን በብረት መፋቅ አይወድም። የሽጉጡ አፍ ምንጊዜም አፈር ወደተሞላው ጆንያ ይዞራል። ካዝናውን ያወጣል፣ ጥይቱ የሚተኛበትን ቤት ከፍቶ ባዶ መሆኑን ያያል፣ ከዚያ በትንሽ ጣቱ ይዳስሰዋል፤ ዓይኑን አያምንም። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ሽጉጡን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ያሸታል። መጀመሪያ ቀን ሳየው ሳቄ አመለጠኝ።

"ምን ያስቅሻል?" አለኝ።

"እንደ ወጥ ሲያሸቱት ነዋ።"

"ወጥ ቢሆን አንቺን አላስጠጋሽም ነበር" አለና ማሽተቱን ቀጠለ።

ከዚያ ባለቤቱን ይጠይቀዋል። ማን ያዘው? የት ዋለ? ምን በላ? ምን በላ ማለት ጥይቱ ከየት የመጣ ነው፣ እርጥበት አግኝቶታል ወይ ማለቱ ነው። የት ዋለ ማለት ጭቃ፣ ብርድ፣ አቧራ ነው። ማን ያዘው የሚለውን ግን በቃል ብቻ አይተወውም። ባዶውን ሽጉጥ ሰውየውን ያስይዝና ሁለት ጣቱን የሰውየው እጅ አንጓ ላይ ያሳርፋል፣ ሐኪም የደም ሥር እንደሚያዳምጠው። ጎረምሳ ፖሊሶች ያፍራሉ። "ሽጉጥ ሲተኩስ ላይኛው ብረት ወደ ኋላ ይሸሻል" ይለኛል ለእኔ፣ "የሚደገፈው ግድግዳ ይፈልጋል። ግድግዳው ይቺ አንጓ ናት። ከላላች ብረቱ መንገዱን ሳይጨርስ ይመለሳል። ቀለሃው ሳይወጣ መሐል ላይ ይቀረቀራል፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ። ሽጉጡን ብትፈቺው፣ ብታጥቢው ምንም አታገኚም። በሽታው ከብረቱ አይደለማ።"

ሌላም አመል ነበረው። የተጠገነ ሽጉጥ ከእጁ ወደ ባለቤቱ እጅ አይሰጥም። ጨርቁ ላይ ያስቀምጣል፣ ባለቤቱ ራሱ ያነሳል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ "ያነሳው እሱ ነው። እኔ አልሰጠሁትም" አለኝ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ዳግመኛም አልጠየቅኩትም።

ሥራው መቼም የሚያስቅም ነበረው። የሮብ ገበያን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጮቄ ተራራ ሥር ነው፣ ጠዋት ሣሩ ሁሉ አመዳይ ለብሶ ነው የሚያድረው። ከዚያ አንድ ሚሊሺያ ሽጉጡን አቅፎ መጣ። ጠዋት ጠዋት አይሠራም፣ ቀትር ላይ እንደ ልብ ይሠራል። ጎረቤት የሰው ዓይን ነው ብሎታል። ጋሽ ዳምጤ አሸተተና "ምን አበላኸው?" አለው። ሰውየው ኮራ ብሎ "ቅቤ ነዋ፣ ለጋ ቅቤ። ልጄን ከምቀባው ለይቼ አይደለም" አለ። ቅቤው በብርዱ እየረጋ ላይኛውን ብረት አላላውስ ብሎት ነው። ባላገሩ ለሚወደው ነገር ሁሉ ቅቤ ነው የሚቀባ። ያን ቀን ጋሽ ዳምጤ እንባው እስኪወርድ ሲስቅ አየሁት።

አብዛኛው በሽታ እንዲህ መላ አለው። የነከሰ ሽጉጥ ሲመጣ ካዝናውን ከሌላ ካዝና ጋር እናቀያይራለን፤ በሽታው ካዝናውን ተከትሎ ከሄደ ወይ ጥይቱን የሚይዘው ከንፈሩ ተከፍቷል ወይ ወደ ላይ የሚገፋው ሞላ ደክሟል። ሽጉጡ ጋ ከቀረ ጥይቱ የሚንሸራተትበትን መወጣጫ እናያለን፣ ቀለሃውን የሚጎትተውን ጥፍር እናያለን። የተተፋውን ቀለሃ ከመሬት አንስቶ ጠርዙን ማየትም አለ፤ ጥፍሩ የት እንደቧጨረው ይናገራል። አስተውሎ ላየው ሰው ብረት የሚደብቀው ነገር የለም። እንዲህ ብዬ አምን ነበር፣ የይበልጣል ሽጉጥ እስኪመጣ።

ይበልጣል የሮብ ገበያ ልጅ ነው፣ ኮንስታብል፣ ዝምተኛና ጨዋ። ታላቅ ወንድሙን፣ ምናለን፣ ስንሻው የሚባል የአገራቸው ሰው በግጦሽ ድንበር ተጣልቶ ገድሎታል። ስንሻው ታስሮ፣ ፍርዱን ጨርሶ፣ አገሩ ገብቷል። አገሩ ከገባ ወዲህ ደግሞ የይበልጣል ዘመዶች አላስቀምጥ አሉት። ለቅሶ ላይ ሲገኝ ወንዶቹ ከአጠገቡ ተነስተው ይሄዳሉ። አክስቱ ሳትቀር ሰው በተሰበሰበበት "መቀነቴን ልስጥህ?" ብላዋለች። እንግዲህ ጎጃም ውስጥ ይህ ወንድ አይደለህም፣ ደም አልመለስክም ማለት እንደሆነ ለማንም አይጠፋም። እናቱ እማማ እናኑ የቀራቸው ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ነው፤ ቢገድል እስር ቤት ወይ ጉድጓድ፣ ባይገድል ስድብ።

ሽጉጡ መጀመሪያ ሲመጣ ሕመሙ ተራ ነበር። አንዱን ይተኩሳል፣ ሁለተኛውን አይጎርስም፤ ጥይቱ መወጣጫው ላይ በአፍንጫው ተደፍቶ ይቀራል። ጠረግነው፣ ከከተማው በታች ካለው የተኩስ ሜዳ ወስደን ሞከርነው፣ ሙሉ ካዝና እንደ ውሃ ፈሰሰ። ይበልጣል ፈቃድ ወስዶ አገሩ ደርሶ ሲመለስ ግን ያው ሕመም። ዳግመኛ ጠረግነው፣ ዳግመኛ ዳነ። ዳግመኛ አገሩ ደርሶ መጣ፣ ዳግመኛ ታመመ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። አንዱ "የታሰረ ሽጉጥ ነው" አለ፣ ሌላው ደብተራ ይጠራ አለ። የግምጃ ቤቱ ዘበኛ ያ ሽጉጥ ከተቀመጠበት መደርደሪያ አጠገብ የነበረውን ወንበሩን አንስቶ ደጅ ላይ መቀመጥ ያዘ፣ በዚያ ሁሉ ዝናብ። "ምን ሆንክ?" ስለው "ይተነፍሳል" አለኝ። ስቄበት ገባሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ጆሮዬን ወደ መደርደሪያው ጣል አደረግኩ፤ ለምን እንዳደረግኩት አላውቅም።

በሦስተኛው ጋሽ ዳምጤ ሽጉጡን ከወትሮው አብዝቶ አሸተተው። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

"ይሄ ሽጉጥ ቤተ ክርስቲያን ውሏል" አለ።

"እንዴት ያለ ነገር ነው?"

"ነይ አሽቺው።"

አሸተትኩ። ከዘይቱ ሥር ሌላ ነገር አለ፤ እርጥብ አፈር፣ ዋሻ፣ የጧፍ ሰም። ጋሽ ዳምጤ የካዝናውን ታች ከፍቶ ሞላውን አወጣና በቀርከሃው መታ መታ አደረገው። ነጩ ጨርቅ ላይ ግራጫ ዱቄት ወረደ፣ ልም የሆነ። ከመወጣጫው ሥርም ከዘይት ጋር ተለውሶ ለጥፏል፤ ጥይቱን አላስኬድ ያለው እሱ ነው። ጋሽ ዳምጤ ቆቡን አወለቀ።

"እምነት ነው" አለ። ከጸበል ቦታ የሚመጣውን የተባረከ አፈር ማለቱ ነው፣ ሕመምተኛ የሚቀባውን። ቀጥሎም ቀስ ብሎ "አንድ ሰው ይሄን ሽጉጥ ታሟል ብሎ እያስታመመው ነው" አለ።

ሁለታችንም ወንበር ስበን ተቀመጥን። ከብዙ መሣሪያ ጋር ውዬ ገብቻለሁ፣ ሰው የሞተበትን ሁሉ ነክቻለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን ፈርቼ አላውቅም።

በዚያው ሰሞን ለመሣሪያ ቁጥጥር ወደ ሮብ ገበያ ተላክሁ። ሥራዬን ስጨርስ የእማማ እናኑን ቤት ጠየቅኩ። ጭጋጉ ከጮቄ ወርዶ አገሩን ውጦታል፤ የላም ድምፅ እሰማለሁ፣ ላሟን አላይም። ቤቱ ጋ ስደርስ አሮጊቷ ደጃፍ ላይ ቆመዋል፣ ሰው እንደሚጠብቅ። መምጣቴን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

"የሽጉጡ ሐኪም አንቺ ነሽ?" አሉኝ።

"ማን ነገረዎት?"

"ግቢ፣ ብርድ ነው" አሉና ጥያቄዬን አልፈውት ገቡ።

ግድግዳው ላይ የሟቹ የምናለ ካፖርት ተሰቅሏል። ከሥሩ ጫማው ተቀምጧል፣ ተወልውሎ፣ ጭቃ ሳይነካው። ካፖርቱን ላለማየት መደቡ ላይ ፊቴን አዙሬ ተቀመጥኩ። እማማ እናኑ ነገሩን አልደበቁኝም። ይበልጣል አገሩ ሲመጣ ሽጉጡን ትራሱ ሥር አድርጎ ይተኛል፤ ሊታጠብ ወደ ወንዝ ሲወርድ እሳቸው ካዝናውን አውጥተው አፈሩን ይነሰንሱበታል።

"ካዝና ማውጣት ማን አስተማረዎት?"

"ባል ነበረኝ እኮ፣ ልጄ። የነፍጠኛ ሚስት አይደለሁም?" አሉና ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። "ልጄ ጸበል ግባ ብለው እንቢ አለኝ። እሱ እንቢ ካለ ያ የተሸከመው ብረት ይዳን አልኩ። ምናለም ይሄንን ነው የሚፈልግ።"

"ምናለማ ሞቷል፣ እማማ።"

"መሞቱንማ አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ የቀበርኩት። ግን ይመጣል። ጭጋግ ሲወርድ እዚያ በሩ ላይ ይቆማል። አይናገርም። እጁን እንዲህ ዘርግቶ ያሳየኛል።" ሁለት መዳፋቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። "ባዶ ነው። ምንም አልያዘ።"

በሩ ከጀርባዬ ነበር። አልዞርኩም። የመጣሁበትን ነገር ተናገርኩ፤ "እማማ፣ ልጅዎ ፖሊስ ነው። ነገ ሽፍታ ቢገጥመው፣ ይህ ሽጉጥ አልጎርስም ቢለው፣ የሚሞተው እሱ ነው። ስንሻውን ላድን ብለው የቀረዎትን ልጅ እየገደሉት ነው።"

ይህን አላሰቡትም ነበር። አፋቸውን በነጠላቸው ጠርዝ ያዙ። ቃሌን አላነሳሁም። በመጨረሻ ከራስጌያቸው በጨርቅ የተቋጠረ አፈር አውጥተው ሰጡኝ። ቋጠሮው ጠበቅ ያለ፣ በሴት እጅ የታሰረ ነበር። "አንቺ ያዥው። ከእንግዲህ አልነካውም፣ ምናለን ይንሳኝ" አሉ። ደጃፉ ድረስ ሸኙኝና ወደ ጭጋጉ እያዩ፣ ለእኔ ባልሆነ ድምፅ "በቃ፣ ላንተው ትቼዋለሁ" አሉ። ማንን እንደሚያናግሩ መጠየቅ አልደፈርኩም።

ማርቆስ ተመልሼ ሽጉጡን እስከ መጨረሻው ብሎን ፈታሁት። አጠብኩት፣ ሞላውን ቀየርኩ፣ በላባ ዘይት አስነካሁት። ይበልጣል ሊወስድ ሲመጣ ጋሽ ዳምጤ ደከም ብሎት ጥግ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። የእናቱን ነገር አልነገርኩትም። "እስቲ እጅህን" አልኩትና ባዶውን ሽጉጥ አስያዝኩት፣ አፉን ወደ ጆንያው። ሁለት ጣቴን አንጓው ላይ አሳረፍኩ። ጠንካራ፣ የገበሬ እጅ፣ ምንም የማይነቀንቀው። ስለ ሥራው ጠየቅኩት፣ አልተነቃነቀም። ስለ ወንድሙ ጠየቅኩት፣ አልተነቃነቀም።

"ስንሻው አገሩ ገብቷል አሉ" አልኩት።

ከጣቴ ሥር አንጓው ሟሟ። ሌላ ቃል የለኝም። እጁ ከውጭ ሲታይ እንደተዘረጋ ነው፣ ዓይኑም ቀልቷል፣ ጥርሱን ነክሷል፤ ውስጡ ግን አጥንት የሌለው ያህል ለሰለሰ። ደግሞም ቀዘቀዘ። ቅዝቃዜው ወደ ጣቴ ወጣ፤ ይበልጣል ከሄደ በኋላ እንኳ ጣቶቼን ብብቴ ሥር አድርጌ ነው ያሞቅኳቸው። እሱ ምንም አላወቀም። "ገብቷል፣ አውቃለሁ" ብቻ አለኝ።

ሽጉጡን ጨርቁ ላይ አስቀመጥኩ። እሱ አነሳውና ወጣ።

ጋሽ ዳምጤ ከጥግ ሆኖ "አየሁት" አለ። "በዚያ ሰው ላይ ሲሆን ሽጉጡ አይተፋለትም። እጁ አይፈልግም።"

"ልንገረው?"

"እብድ ነሽ እንዴ? ካወቀ ያጠነክራታል። ሜዳ ወርዶ ይለማመዳል። ዝም በይ፣ እስክትሞቺ ዝም በይ።"

ዝም አልኩ። ለአለቃችን ግን ልጁ ከአገሩ ይራቅ፣ ደም አለበት ብዬ ነገርኩት። ደግ ሰው ነበር፣ ሰማኝ፤ ይበልጣልን ወደ ይጁቤ አዛወረው። ሮብ ገበያና ይጁቤ ምን ያገናኛቸዋል ብለን ተንፈስ አልን።

ስንሻው በሬ ሊገዛ ይጁቤ ገበያ ወረደ።

ያየ ባልደረባ እንደነገረኝ፣ ቀኑ ብራ ነበር፣ ገበያው ጢም ብሏል። ይበልጣል በከብት ተራው በኩል ሲያልፍ ፊት ለፊት ተገናኙ። ስንሻው አልሮጠም። የያዘውን የበሬ ገመድ ለቆ ቆመ። ይበልጣል ሽጉጡን መዞ በጥቂት ክንድ ርቀት ተኮሰ። ጥይቱ ከስንሻው እግር ሥር አፈር ውስጥ ገባ። ዳግመኛ ምላጩን ሳበ፤ የለም። ደግሞ ሳበ፤ የለም። ባልደረባዬ "በሬዎቹ እንኳ ዝም ብለው ነበር" አለኝ። ከዚያ ሰው እንደ ጎርፍ ገባባቸው።

ሽጉጡን በፌስታል ጠቅልለው ለምርመራ አመጡልኝ። ፌስታሉን የከፈትኩት አሮጊቷ መሐላቸውን አፍርሰው ይሆን እያልኩ ነው። አላፈረሱም። ባዶው ቀለሃ በላይኛው ብረት ተነክሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ልብ በሉ፤ የአፈሩ በሽታ አለመጉረስ ነበር፣ ይሄ አለመትፋት ነው። ፈታሁት፤ ንጹሕ፣ እኔ እንዳጠብኩት። ጥፍሩ ደህና፣ ካዝናው ደህና፣ ጥይቱ ደህና። ሜዳ ወርጄ በራሴ እጅ ተኮስኩበት፤ እየጎረሰ እየተፋ ካዝናውን ጨረሰ። "መሣሪያው ጤነኛ ነው፣ ምክንያቱ አልታወቀም" ብዬ ጻፍኩ። በዕድሜዬ አልታወቀም ብዬ የጻፍኩት ያንን ብቻ ነው። ሰው ሳቀብኝ፣ አዲሱ አለቃ "እርጅና መጣ እንዴ?" አለኝ። ዋጥኩት። ጋሽ ዳምጤ በዚያው ዓመት አረፈ፤ ሳይሞት ልጠይቀው ስሄድ አልጋው ላይ ሆኖ አንጓዬን በሁለት ጣቱ ያዝ አደረገና "ጥሩ ነው፣ ጠንካራ ነሽ" አለኝ።

ይበልጣል ታሰረ፣ ሥራውንም አጣ። ሽማግሌዎቹ ግን አልተኙም። ስንሻው ለዕርቅ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ እማማ እናኑ ደጅ ወደቀ፤ አሮጊቷ "ተነስ" አሉት። ደሙ ደረቀ። ይበልጣል ሲፈታ እዚያው ሮብ ገበያ ወፍጮ ቤት ገባ፣ አገባ፣ ወለደ። ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ጡረታ በወጣሁ ክረምት፣ ጭጋግ ማርቆስን በሸፈነበት አንድ ጠዋት፣ የቤቴ በር ተንኳኳ። ይበልጣል ነው። ፀጉሩ ላይ ዱቄት እንዳለ ነው የመጣው። እናቱ ማረፋቸውን ነገረኝ፤ እንደ ወጉ አለቀስን። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

"ሳጅን፣ እናቴ ልትሞት ስትል ሽጉጡ ውስጥ የጸበል አፈር እጨምር ነበር ብላኛለች። ይቅር ብያታለሁ። ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል።" ዓይኑን አነሳ። "እኔኮ ስንሻውን ገድየዋለሁ። ምላጩን ደጋግሜ ስቤያለሁ። ያልሞተው አፈር ብረቱን ስለያዘው ነው። ልጄን ስታቀፍ፣ ይሄ የነፍሰ ገዳይ እጅ ነው እላለሁ። ብረት ባይበላሽ ኖሮ ነፍሰ ገዳይ ነኝ። ከስንሻው በምን እለያለሁ?"

ይህን ሁሉ ዓመት ያዳንኩት የመሰለኝ ሰው በእኔ ዝምታ ሲሰቃይ ኖሯል። ተነስቼ ከሣጥኔ ያንን የጨርቅ ቋጠሮ አወጣሁና ጉልበቱ ላይ አስቀመጥኩለት።

"የእናትህ አፈር ይኸውልህ። ቋጠሮው የእሳቸው ነው፣ አልተፈታም። ይጁቤ ከመሄድህ በፊት ነው የሰጡኝ። ሽጉጡን እኔ አጥቤዋለሁ። ምንም አልነበረበትም፣ ይበልጣል። ጤነኛ ነበር። እምቢ ያለው እጅህ ነው። የስንሻውን ስም ስጠራብህ አንጓህ ይሟሽሻል፣ በጣቴ አረጋግጫለሁ። አንተ ልትገድል ፈልገህ ይሆናል፣ እጅህ ግን አልፈለገም።"

ቋጠሮውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። የእናቱን አስተሳሰር አወቀው፤ እንባው በጉንጩ ወረደ። ከዚያ ቀኝ እጁን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"አይደለም፣ ሳጅን" አለ ቀስ ብሎ። "እጄ እንቢ አላለም። ለማንም አልተናገርኩትም፣ እብድ ይሉኛል ብዬ። ይጁቤ ላይ ሰው ይዞኝ ነበር። ከኋላዬ። እዚህ ጋ።" ግራ እጁን አንጓው ላይ አሳረፈ፣ እኔ ያን ቀን ጣቶቼን ያሳረፍኩበት ቦታ ላይ። "ዞሬ አየሁ፣ ማንም የለም። ቀዝቃዛ እጅ ነበር። ምናለ ልጅ ሆኜ ወንዝ ሲያሻግረኝ እንዲህ አድርጎ ነበር የሚይዘኝ።"

ጣቶቼ ብብቴ ሥር መግባታቸውን ያወቅኩት ኋላ ነው። ይበልጣል ቋጠሮውን ኪሱ ከቶ፣ ጉልበቴን ስሞ ወጣ። ደጃፍ ቆሜ ሸኘሁት። ጭጋጉ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ቀኝ እጁን ከጎኑ ትንሽ ዘርጋ አድርጎ ነበር የሚሄደው፣ እንደሚመሩት ሕፃን።